‹ተጠየቅ› ያልተባለበት ችሎት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የጋዜጣዎ የረጅም ጊዜ አንባቢ ብሆንም ደብዳቤ ስጽፍልዎ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ እዚሁ ባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወደ አማርኛ መልሰው ስላሳዩት ‹ዘ ክሩሲብል› ስለተባለው፣ በጥንቆላ ተከሰው ስለተሰቀሉ ሰዎች ስለሚናገረው ታሪካዊ ተውኔት በኪነ ጥበብ ገጻችሁ የወጣው አስተያየት ነው። ትርኢቱን እኔም ከልጅ ልጄ ጋር ሄጄ ተመልክቼዋለሁ። አስተያየት ሰጪው የልጆቹን ድካም ማመስገናቸው የሚገባ ነው፤ በአነጋገሩም በአለባበሱም ብዙ እንደ ለፉ ያስታውቃል። የተውኔቱን ፍሬ ነገር ሲናገሩ ግን አንዲት ተንኮለኛ ልጃገረድ በውሸቷ አገር ያጠፋችበት ታሪክ አድርገው አቅርበውታል። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በወረዳና በከፍተኛ ፍርድ ቤት በዳኝነት አገልግዬ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። ያን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ በእኔ እምነት በዚያ ታሪክ ውስጥ ካሉት ጥፋቶች ሁሉ ትንሹ የልጅቷ ውሸት ነውና።

እንዲህ የተረዱት እሳቸው ብቻ እንዳልሆኑም አውቃለሁ። በዚያ ምሽት ከአዳራሹ ወጥተን በሐይቁ ዳር በዘንባባዎቹ ሥር ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ከፊታችንም ከኋላችንም የሚሄደው ተመልካች የሚያወራው ስለዚያችው ልጃገረድ፣ ስለ አቢጌል ብቻ ነበር፤ ስለ ቅናቷ፣ ስለ ጩኸቷ፣ ስለ ክፋቷ። በከፍተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲሰሟትና ሲጽፉላት ስለ ነበሩት ዳኞች አንድ ቃል ያነሣ ሰው አልሰማሁም። የልጅ ልጄም ቢሆን «አባባ፣ ያቺ ልጅ ለምን አልታሰረችም?» ብሎ ነው የጠየቀኝ። ለእሱ የመለስኩለትን ሰፋ አድርጌ ለአንባቢዎችዎ ለማቅረብ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ተውኔቱ የአሜሪካዊው የአርተር ሚለር ሥራ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረክ የበቃው ኒው ዮርክ ውስጥ በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። መሠረቱ በ1692 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ፣ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረ ምድር፣ ሳሌም በምትባል መንደር የደረሰ እውነተኛ ታሪክ ነው። በዚያው ዘመን እዚህ ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ በዙፋን ላይ ነበሩ። በሳሌሙ ሰባኪ በሳሙኤል ፓሪስ ቤት የ9 ዓመት ልጃቸውና የ11 ዓመት ዘመዳቸው አቢጌል ዊልያምስ መንፈራገጥ፣ መጮህና የማይታይ ነገር እያዩ መደንገጥ ጀመሩ። ማን እንደሚያሠቃያቸው ተደጋግመው ሲጠየቁም ሦስት ሴቶችን ጠሩ። አንዷ በሰባኪው ቤት የምትኖር ቲቱባ የተባለች ባሪያ፣ ሁለተኛዋ ሣራ ጉድ የምትባል በየቤቱ እየዞረች የምትለምን ድሃ፣ ሦስተኛዋ ሣራ ኦስቦርን የምትባል፣ በሕመም ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ከቀረች የቆየች ሴት ነበረች። ሦስቱም ጠበቃም ሆነ ‹ተዉ› የሚልላቸው ሰው የሌላቸው ናቸው። ዓመቱ ሳያልቅ በጥንቆላ የተከሰሱት ከ150 በላይ ሆኑ፤ 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ ዕድሜው 80 ገደማ የነበረ ጋይልስ ኮሪ የተባለ ገበሬ ለክሱ መልስ አልሰጥም በማለቱ ደረቱ ላይ ድንጋይ እየተከመረበት ሞተ፤ ቢያንስ አምስት ሰዎች ደግሞ በእስር ቤት አለቁ። ከታሰሩት መካከል የሣራ ጉድ የ4 ዓመት ሴት ልጅ እንደነበረች ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ወደ ውጭ ወጥቼአለሁ።

ደራሲው ታሪኩን ለመድረክ ሲያመቻች ሁለት ትልልቅ ለውጦች አድርጓል። የ11 ዓመቷን አቢጌልን 17 ዓመት ሞልቷት የደረሰች ልጃገረድ አደረጋት፤ ከተከሳሾቹ አንዱ የሆነውን፣ ዕድሜው 60 ገደማ የነበረውን ገበሬ ጆን ፕሮክተርን ደግሞ የጎልማሳነት ዕድሜ ሰጥቶ በሁለቱ መካከል በታሪኩ ያልነበረ የዝሙት ግንኙነት ፈጠረ። ደራሲ ይህን የማድረግ መብት አለው፤ በዚህ አልወቅሰውም። በእርግጥም ያ ግንኙነት ባይኖር ኖሮ የፕሮክተር የኅሊና ትግል ያን ያህል ልብ አይነካም ነበር። ይሁን እንጂ የተመልካቹን ዓይን ከችሎቱ አንሥቶ ልጅቷ ላይ የጣለው ይኸው ፈጠራ ነው። ቅናት ለሁላችንም ቀላል ነው፤ በየቤታችን እናውቀዋለን። የማስረጃ ሕግ ግን ደረቅ ነገር ነው፤ ሰው ከአዳራሽ ሲወጣ አያወራውም። እውነተኛዋን የ11 ዓመት ሕፃን አስቡና ከዚያ በኋላ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ሕፃን ልጅ ይዋሻል፤ ይፈራል፤ የባልንጀራውን ጩኸት ሰምቶ ይጮኻል። የሕፃንን ጩኸት ወደ ሞት ፍርድ የሚለውጠው ግን ማኅተም የያዘ ትልቅ ሰው ነው።

ያ ለውጥ እንዴት እንደተፈጸመ በዝርዝር መታየት አለበት። አገረ ገዢው ዊልያም ፊፕስ በግንቦት ገደማ ልዩ ፍርድ ቤት አቋቋመ፤ የዳኞቹ አለቃ ዊልያም ስቶውተን ነበር። ይህ ችሎት የተቀበለው ማስረጃ የተከሳሿን መንፈስ ወይም ጥላ አየሁ የሚል ቃል ነው። ልጅቷ «የእገሊት መንፈስ ትናንት ሌሊት መጥታ አነቀችኝ» ትላለች፤ ተከሳሿ በዚያ ሌሊት ከባልዋ ጋር ቤቷ ተኝታ እንደነበር ብታስመሰክር ምንም አይጠቅማትም፤ ሥጋዋ ተኝቶ መንፈሷ ሄዷልና። ከሳሽ የምታየውን ዳኛው አያይም፤ ምስክር አያይም፤ ተከሳሿም አታይም። በተውኔቱ ሦስተኛ ክፍል ዋናው ዳኛ ዳንፎርዝ ይህን ሲያብራራ፣ ጥንቆላ በባሕርይው የማይታይ ወንጀል ስለሆነ ከጠንቋዩና ከተጠቂው በቀር ሊመሰክር የሚችል የለም፣ ጠንቋይም ራሱን ስለማይከስ የተጠቂውን ቃል ከመቀበል ሌላ መንገድ የለም ይላል። ይህን የተናገረው ተማሪ ድምፁን ሳያነሣ፣ ልክ እንደ አስተዋይ ሰው ረጋ ብሎ ነበር የተናገረው፤ ያሠለጠነው መምህር ነገሩ የገባው ይመስለኛል። ያ ንግግር ከልጆቹ ጩኸት ሁሉ ይበልጥ ያስፈራል። ማስረጃ ሊቀርብበት የማይችል ወንጀል ማስረጃ እንዳይጠየቅበት ምክንያት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ንጹሕ ሰው የሚያመልጥበት በር የለም።

ከዚህም የባሰ ሌላ ነገር ነበር። ጠንቋይ ነኝ ብላ ያመነችና ሌሎችን የጠራች ሴት በሕይወት ትቆያለች፤ አይደለሁም ያለች ትሰቀላለች። አምነው በቃላቸው ከጸኑት መካከል በዚያ ዓመት አንድም አልተሰቀለም። ረቤካ ነርስ የተባሉ የ71 ዓመት፣ በመንደሩ የተከበሩ ሴት ወይዘሮ መጀመሪያ ላይ ጥፋተኛ አይደሉም ተብሎ ተፈርዶላቸው ነበር። ልጆቹ በአዳራሹ ውስጥ ጩኸታቸውን ሲያቀልጡት ዳኛው ከሕዝቡ ተመርጠው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉት የፍርድ ሸንጎው አባላት ነገሩን እንደገና እንዲያዩት ላካቸው፤ ተመልሰው ጥፋተኛ ናቸው አሉ። ሴትየዋ በጁላይ ወር ተሰቀሉ። በየስቅላቱ ቀን የሞቱትን ስንቆጥር በጁን አንድ ሰው፣ በጁላይ አምስት፣ በኦገስት አምስት፣ በሴፕቴምበር ስምንት ሰዎች ናቸው። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል አንድ ወር ያህል ጊዜ አለ። በወሬ የሰከረ ሕዝብ ለአንድ ቀን ያብዳል፤ ለአንድ ሳምንትም ሊያብድ ይችላል፤ ከዚያ አዝመራ ይጠራዋል፣ ከብት ይጠራዋል፣ ልቡም ይመለሳል። እሳቱን ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ያላስጠፋው የችሎቱ ቀጠሮ ነበር። ‹ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል› የሚባለው የአበው ቃል እውነት የሚሆነው ውሸቱን በየቀኑ በመዝገብ የሚያከብድለት ሰው ከሌለ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ሩቅ አገር ሰዎች የሚነገር ለሚመስለው አንባቢ ከራሴ ልጅነት አንድ ነገር ልንገር። ያደግሁት በደራ፣ በጣና ዳር ባለች ትንሽ መንደር ነው። በመንደራችን ሰው በድንገት ሲታመም ቡዳ በልቶታል ይባላል። አዋቂ ይጠራል፤ ጭስ ይጨሳል፤ በሽተኛው «ማነህ? የት ያዝኸው?» እየተባለ ይመረመራል፤ በመጨረሻም ይለፈልፋል። ሲለፈልፍ የጠራው ስም የበላው ሰው ስም ነው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆነኝ የጎረቤታችን ልጅ ታማ ለፈለፈች፤ የጠራችውም እናቴ እንስራና ጀበና የምትገዛትን ሸክላ ሠሪ ነበር። ሴትዮዋን አስጠርተው በልጅቷ ላይ እንትፍ እንድትል አዘዟት፤ አለች፤ ልጅቷም ተሻላት። ይህ የመዳኛዋ ምክንያት መሆን ሲገባው ዋናው ማስረጃ ሆነባት። አልመጣም ብትል ኖሮ ፈርታ ነው ይባል ነበር፤ ልጅቷ ባይሻላት ኖሮ አልለቅም አለች ይባል ነበር፤ ሲሻላት ደግሞ የያዘችውን ለቀቀች ተባለ። ክረምቱ ሳይወጣ ልጆቿንና ጥቂት ዕቃዋን ይዛ ከመንደሩ ወጣች። እናቴ ከዚያ በኋላ እንስራ ከገበያ ስትገዛ ዓይኗ እንባ ያቀርር ነበር፤ በዚያ ቀን ግን እሷም እንደ ሌላው ሰው ዝም ብላለች።

በሳሌም መዝገብ ውስጥ ልክ ይህንኑ ሳገኘው ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ተከሳሿ እጇን በምትንፈራገጠው ልጅ ላይ እንድታሳርፍ ትታዘዝ ነበር፤ ልጅቷ ጸጥ ካለች መርዙ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ ተብሎ ተከሳሿ ጠንቋይ ትባላለች። ሁለቱ ሕዝቦች ፈጽሞ አይተዋወቁም፤ አንዱ ከሌላው አልተማረም። ፍርሃት በገዛ መንገዱ ሲሄድ ግን እዚያው ቦታ ይደርሳል።

የተውኔቱ ስምም እዚህ ላይ ያሳስበኛል። ቃሉ አንጥረኛ ብርና ወርቅ የሚያቀልጥበትን ዕቃ የሚያመለክት ሲሆን፣ በመጽሐፈ ምሳሌ ‹ማቅለጫ ለብር፣ ከውርም ለወርቅ› የሚለውን የሚያስታውስ ነው። ሰው በመከራ እሳት ተፈትኖ ወርቅነቱ ይለያል ለማለት ነው። እንግዲህ በእኛ አገር በዚህ እሳት ፊት ተቀምጦ የሚሠራው ሰው ማን ነበር? አንጥረኛው ነው፤ ቡዳ እየተባለ ከማኅበር የሚገለለውም እሱ ነው። ማረሻችንን የሠራ፣ መስቀላችንን ያነጠረ፣ እንስራችንን የጋገረች፣ ጋቢያችንን የሸመነ ሁሉ በሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ተፈርቷል። በጎንደር ዙሪያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በእጅ ሥራቸው እየተጠቀምንባቸው ለዘመናት ይህን ስም ተሸክመዋል። ተርጓሚዎቹ ርእሱን በእንግሊዝኛው መተዋቸው ይህን ሁሉ ሸፍኖብናል፤ ‹ከውር› ቢሉት ኖሮ ከተመልካቹ መካከል የሚሸማቀቅ ሰው ይኖር ነበር፤ መሸማቀቅም ይገባን ነበር።

የእኛ አባቶች ፍርድ የማያውቁ ነበሩ ለማለት እንዳልፈለግሁ ግልጽ ይሁንልኝ። በበላ ልበልሃ ሙግት ‹ተጠየቅ!› የሚለው ቃል ከፍተኛ ቦታ ነበረው። ከሳሽም ሆነ ምስክር ተናግሮ ብቻ አይቀመጥም፤ ባላጋራው በአደባባይ ይጠይቀዋል፤ ሲጠየቅ የተንተባተበ ይረታል። ይህን ያህል የረቀቀ የጥያቄ ሥርዓት የነበረው ያው ሕዝብ፣ ሌባ ለመፈለግ ደግሞ ሌባሻይ ነበረው። ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መጠጥ ይሰጠውና ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተንገዳገደ ይለቀቃል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት የጠፋውን ዕቃ ይከፍላል። ይህም በሹም የታወቀ ሥርዓት ነበር፤ ኋላ በመንግሥት እስኪከለከል ድረስ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ አስቡት። የደነዘዘን ልጅ ‹ተጠየቅ› የሚለው የለም። ያበደችን ልጅ፣ የምትለፈልፍን በሽተኛ ‹ተጠየቂ› የሚል የለም። የሳሌም ዳኞችም የተማሩ ሰዎች ሆነው ሳለ ያጓደሉት ይህችን አንዲት ቃል ነው። ልጆቹን አዘኑላቸው፣ አመኑላቸው፣ ደገፉአቸው፤ አልጠየቁአቸውም። ተከሳሾቹን ግን «ለምን እነዚህን ሕፃናት ታሠቃያለሽ?» እያሉ ጠየቁአቸው፤ ጥያቄው ራሱ ፍርድ ነው።

መጽሐፈ ሶስናን ያነበበ ሰው ይህን ነገር ከልጅነቱ ያውቀዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች የሕዝቡ ዳኞች ስለነበሩ ጉባኤው ያለ ጥያቄ አመናቸው፤ ሶስናም ወደ ሞት ተወሰደች። ዳንኤል ያደረገው ተአምር አይደለም። አንዱን ከሌላው ለየና ‹በየትኛው ዛፍ ሥር?› ብሎ ለየብቻ ጠየቃቸው፤ ሁለቱ ሁለት የተለያየ ዛፍ ጠሩ። በዳኝነት ዘመኔ ምስክሮች ከችሎት ውጭ ተለያይተው እንዲቆዩ ሳዝ ሁልጊዜ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ዛሬ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ የመቆጠርና የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት አለው ሲል፣ ከዳንኤል ጥያቄ ሌላ ነገር አላመጣም።

ከተውኔቱ ሁሉ እኔን ያስለቀሰኝ የሜሪ ዋረን ነገር ነው። የፕሮክተር አገልጋይ የሆነችው ይህች ልጅ ከሌሎቹ ጋር ስትጮህና ስትወድቅ ከቆየች በኋላ ውሸት እንደነበር ለመናገር ወደ ችሎት ትመጣለች። ዳኞቹ እውነት ከሆነ አሁን እዚህ ራስሽን ሳቺ ይሏታል፤ አልቻለችም። በዙሪያዋ የሚጮኽ ሰው ሳይኖር፣ የሚያጅባት ሳይኖር መውደቅ አልቻለችም። ነገሩን ሁሉ የሚገልጠው ይህ ነበር፤ ዳኞቹ ግን በተቃራኒው ተረጐሙት። ቀጥሎ ሌሎቹ ልጃገረዶች ወፍ አየን ብለው እያመለከቱ ሲጮኹባት፣ ቃሏን እየደገሙ ሲያሾፉባት፣ ትንሽ ታግላ በመጨረሻ ከእነሱ ጋር መጮህ ጀመረች፤ ጌታዋንም ከሰሰች። ይህ የደራሲው ፈጠራ ብቻ አይደለም። እውነተኛዋ ሜሪ ዋረን በ1692 እ.ኤ.አ. የፀደይ ወራት ልጆቹ እያስመሰሉ ነው ብላ ነበር፤ ወዲያው እሷው ተከሰሰች፤ ታስራ ስትመረመርም ወደ ከሳሾቹ ተመለሰች። ውሸታም ናት ልንላት እንችላለን። እኔ ግን እውነት ይዛ ወደ ችሎት የመጣችና ችሎቱ ራሱ ወደ ውሸት የመለሳት ልጅ ናት እላለሁ።

ይህን የምለው እንዲህ ዓይነት አዳራሽ ውስጥ ስለተቀመጥኩ ነው። በ1970 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በዚያ የቀይ ሽብር ዘመን ወጣቶች በቀበሌ አዳራሽ እየተሰበሰቡ ራሳቸውን እንዲያጋልጡ ይታዘዙ ነበር። ራስን ማጋለጥ ብቻውን አይበቃም፤ ‹ከማን ጋር?› የሚለው ይከተላል። ስም የጠራ ይመዘገብና ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የተጠራው ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ይነሣና ሌላ ስም ይጠራል። በአንድ ወንበር አብሮኝ የሚማር ልጅ ተነሥቶ የምጠራው ሰው የለኝም አለ። ሦስት ጊዜ ጠየቁት፤ ሦስት ጊዜ ያንኑ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አላየሁትም። በመድረኩ ላይ ፕሮክተር የራሱን ኀጢአት እናገራለሁ፣ የሌላውን ሰው ግን አልናገርም ሲል፣ እኔ ያየሁት የሳሌምን ገበሬ ሳይሆን ያን ልጅ ነበር። ደራሲው ራሱ በ1956 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ኮሚኒስት የነበሩ ጸሐፍትን ስም እንዲጠራ ተጠይቆ እምቢ እንዳለ፣ ለዚህም በ1957 እ.ኤ.አ. ጥፋተኛ ተብሎ በሚቀጥለው ዓመት በይግባኝ ነጻ እንደወጣ በኋላ አነበብኩ።

ፍርድ ቤት ጨርሶ በሌለበት የሚፈጸመውንም አልዘነጋሁም። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በምዕራብ ጎጃም ለጤና ጥናት የወጡ ሁለት ባለሙያዎች ሕፃናትን ሊጎዱ መጡ በሚል ወሬ በደቦ ፍርድ ተገድለዋል። የእኛ ሰዎች ናቸው፤ የሞቱትም የእኛ፣ የገደሉትም የእኛ። በዚያ ቀን ‹እስኪ መጀመሪያ ይጠየቁ› የሚል አንድ ሽማግሌ ድምፁ ተሰምቶለት ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

የራሴንም ሳልናገር ብቀር ይህ ደብዳቤ ጎደሎ ይሆናል። በወጣትነት ዘመኔ በአንድ ችሎት አንድን ገበሬ በከብት ስርቆት ጥፋተኛ ብዬ በሦስት ዓመት እስራት ቀጥቼዋለሁ። አራት ምስክሮች መስክረውበታል፤ ቃላቸው አንድ ዓይነት ነበር። ያን አንድ ዓይነትነት ያን ጊዜ የእውነት ምልክት አድርጌ ወሰድኩት። ምስክሮቹን አላለያየሁም ነበር፤ የመጀመሪያው ሲናገር ሌሎቹ በአዳራሹ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ከዓመታት በኋላ ከአራቱ አንዱ በገበያ ቀን አግኝቶኝ፣ ከብቱን ሲነዳ በዓይኑ እንዳላየው፣ ሰው ሁሉ እሱ ነው ስላለ የሰማውን እንደደገመ ነገረኝ። ገበሬው ቅጣቱን ጨርሶ አካባቢውን ለቅቆ ነበር። ፈልጌ ይቅርታ አልጠየቅሁትም። ጊዜው አልፏል ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ፈርቼ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

ስለዚህ ከሳሌም ሰዎች ሁሉ ልቤ የሚያርፈው በሳሙኤል ሲዎል ነው። ከዳኞቹ አንዱ ነበር። በጥር 1697 እ.ኤ.አ. በታወጀው የጾም ቀን በቦስተን ቤተ ክርስቲያን በምእመናን መካከል ቆሞ፣ ጥፋቱንና ኀፍረቱን በራሱ ላይ እንደሚወስድ የጻፈውን ወረቀት ሰባኪው አነበበለት። የሸንጎው 12 አባላትም ይቅርታ ጠይቀው ፈረሙ። የዳኞቹ አለቃ ስቶውተን ግን እስኪሞት አልተጸጸተም። ከከሳሾቹ አንዷ አን ፑትናም በ1706 እ.ኤ.አ. በጉባኤ ፊት ቆማ ይቅርታ ጠየቀች፤ በ1711 እ.ኤ.አ. ለብዙዎቹ ቤተሰቦች ካሣ ተከፈለ። የመጨረሻዋ ተፈራጅ ኤልሳቤጥ ጆንሰን ስሟ የጸዳው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጉዳዩን ያንቀሳቀሱትም የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ሆነው ነው። ተውኔቱ በመስቀያው ስለሚያልቅ ይህን ሁሉ አያሳይም። ተመልካቹም ዳኛ ሊሳሳት፣ ስሕተቱንም በአደባባይ ሊናገር እንደሚችል ሳያይ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከደራ የተሰደደችውን ሸክላ ሠሪ ስም ያጸዳ ግን እስከ አሁን የለም፤ እኔም በዚህ ደብዳቤ ስሟን ያልጠራሁት ልጆቿ ዛሬም በዚያው ስም እንዳይጠሩ በመፍራት ነው።

በዚህ ምክንያት ለተማሪዎቹና ለመምህራቸው አንድ ጥያቄ አለኝ። ሜሪ ኢስቲ የምትባል ሴት ነበረች፤ የረቤካ ነርስ እህት ናት፤ በሴፕቴምበር 1692 እ.ኤ.አ. ከተሰቀሉት ስምንት ሰዎች መካከል ነች፤ በተውኔቱ ውስጥ ግን የለችም። ከመሞቷ በፊት ለዳኞቹ ማመልከቻ ጽፋለች። ለራሷ ሕይወት አልለመነችም፤ መሞቷን ታውቃለች። የለመነችው ሌላ ንጹሕ ደም እንዳይፈስ፣ ለዚህም ዳኞቹ ከሳሾቹን በጥብቅ እንዲመረምሩአቸውና ለተወሰነ ጊዜ አንዷን ከሌላዋ ለይተው እንዲያቆዩአቸው ነው። መጽሐፈ ሶስናን እንደ እኛ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር በማይቆጥር እምነት ያደገችው ይህች ሴት ከዳንኤል ጋር አንድ ነገር ጠየቀች፤ የመለሰላት አልነበረም። ተውኔቱ በድጋሚ ሲታይ፣ ከሦስተኛው ክፍል በፊት መብራቱ ደብዘዝ ባለበት ጊዜ፣ ከልጆቹ አንዷ ወደ መድረኩ ፊት ወጥታ ይህን ማመልከቻ እንድታነብ እጠይቃለሁ። ወደ አማርኛ መልሼው ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፖስታው ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ጋዜጣው ቦታ ካጣበት ለተማሪዎቹ ብቻ ቢደርስልኝ ይበቃኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ ዳኛ
ከባሕር ዳር